የመሸበት እንግዳ

ግሪካዊው ፈላስፋ ኤፒኩረስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ270 ገደማ፣ አቴንስ ውስጥ፣ ሊሞት በተቃረበበት ቀን ለወዳጁ ለኢዶሜኔዎስ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ሽንት ከልክሎት፣ ተቅማጥ ይዞት፣ ከዚያ በላይ ሊከፋ በማይችል ሕመም ውስጥ ነበር። እሱ ግን ቀኑን የደስታ ቀን ብሎ ጠራው። ድሮ አብረው ያወጉት ወግ ትዝ ሲለው የሚሰማው ደስታ ሕመሙን ፊት ለፊት ቆሞ እንደሚመክትለት ነገረው። ከ1,500 ከሚበልጡ ዓመታት በኋላ ጣሊያናዊው ገጣሚ ዳንቴ በ«ሲኦል» አምስተኛ ክፍል ሲኦል የገባችውን ፍራንቼስካን ተቃራኒውን አናገራት። መከራ ላይ ላለ ሰው ደጉን ዘመን ማስታወስ እፎይታ ሳይሆን ከሐዘን ሁሉ የከፋ ሐዘን ነው ባይ ናት። የእኛም ትዝታ፣ ቅኝቱም ዘፈኑም፣ በሁለቱ መካከል ሲዋልል የኖረ ነው፤ እያጽናና ያስለቅሳል፣ እያስለቀሰ ያጽናናል።

ማን ልክ እንደሆነ ለመፈተን ሞት አፋፍ ላይ መድረስም ሆነ ሲኦል መውረድ አያስፈልግም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ያለው ሕፃን ታቅፎ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ወጥ ቤት መመላለስ ይበቃል።

የወላጅ ድካም የራሱ ጠባይ አለው። እርሻ የዋለ ሰው፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ ሰው ይደክመዋል፤ ሲመሽ ግን ያርፋል። የወላጅ ድካም የሚብሰው ሌላው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። በጀርመን የሚኖሩ ወላጆችን ለዓመታት የተከታተለና በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የእናቶች እንቅልፍ ክፉኛ የሚጎዳው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ልጃቸው ከተወለደ እስከ ስድስት ዓመት ድረስ እናትም ሆነች አባት የቀድሞ እንቅልፋቸውን ሙሉ በሙሉ መልሰው እንዳላገኙ አሳይቷል። ስድስት ዓመት አንድ ልጅ ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ነው። ይህን ያህል የሚረዝም ድካም ከሰውነት አልፎ ሐሳብን ይለውጣል። ሰው የሚያስበውን መምረጥ ያቅተውና ሐሳቡ ራሱ እየመረጠ ይወስደዋል።

እኔን ብዙ ጊዜ የሚወስደኝ ወደ ጎጃም መንገድ ነው። ገና ሳይነጋ መርካቶ፣ አውቶቡስ ተራ፤ ረዳቱ የመድረሻውን ከተማ ስም እየጠራ፣ ጣሪያው ላይ ሻንጣና ማዳበሪያ እየተጫነ። ከዚያ ፍቼ፣ ከዚያ ጎሐ ጽዮን። ከጎሐ ጽዮን በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ሸለቆው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት አለውና በየጠመዝማዛው አየሩ ይሞቃል። ደጋ ላይ በጋቢ ተጀቡኖ የነበረው ተሳፋሪ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል፤ መስኮት ግን አይከፈትም፣ ንፋስ ይመታናል ተብሎ። ዳገቱ ተወጥቶ ደጀን ሲገባ ያ ሁሉ ሰው ጋቢውን መልሶ ይደርባል። ልጄ ትከሻዬ ላይ እያለቀሰ እኔ ይህን መንገድ እወርዳለሁ፣ እወጣለሁ።

ልብ ብዬ ስመለከተው ታዲያ፣ በዚህ ሰዓት የሚመጡልኝ ትዝታዎች ተመርጠው የሚመጡ ናቸው። ላሊበላን አይቻለሁ፤ ቤተ ጊዮርጊስ አይመጣም። የፋሲል ግንብ አይመጣም። ስሜን ተራራ ላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ በአጠገቤ ያለፉበት ጠዋት ለሰው ሁሉ ስተርከው የኖርኩት ነው፤ እሱም አይመጣም። የሚመጣው፣ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ሲያጥወለውለኝ አይተው አጠገቤ የተቀመጡት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው የሰጡኝ ሎሚ ነው። የሚመጣው፣ መሽቶብን ደብረ ማርቆስ ስንገባ አልጋ ሁሉ ተይዞ ሲያበቃ፣ የአልቤርጎው ባለቤት «በዚህ ጨለማ ሴት ልጅ ወዴት ትሄዳለች?» ብለው ከልጃቸው ጋር ያስተኙኝ ሌሊት ነው። ከዚያ በፊት ሙቅ ውሃ በሳፋ አቅርበው እግርሽን ታጠቢ ብለውኛል። የሚመጣው፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የቀትር ፀሐይ ሽሽት ከአንድ በር ጥላ ሥር ስቆም፣ «ግቢ እንጂ» ብላ አስገብታ ከፍ ያለው የሐረሪ ቤት መደብ፣ ነደባው ላይ ያስቀመጠችኝና ሆጃ የቀዳችልኝ ሴት ናት። ለማየት የሄድኩባቸው ነገሮች ቀርተው፣ ሳልፈልጋቸው ያገኘኋቸው መስተንግዶዎች ብቻ ይመጣሉ።

የዚህ ምርጫ ትርጉም ምንድን ነው? የተለመደው ማብራሪያ፣ ወላጅ ጉዞን የሚናፍቀው ነፃነቱን ስለሚናፍቅ ነው የሚል ነው። ያኔ አንድ ቦርሳ ይዤ እወጣ ነበር፤ ዛሬ እስከ ጤና ጣቢያ ለመሄድ እንኳ ጡጦ፣ ዳይፐር፣ ቅያሪ ልብስ፣ ፎጣ እሸከማለሁ። ያኔ የምጠራው በስሜ ነበር፤ ዛሬ በግቢው ሁሉ የምታወቀው በልጄ ስም፣ የእገሌ እናት ተብዬ ነው። ማብራሪያው ሐሰት አይደለም። ማጽናናቱን ግን አያስረዳም።

የማስታውሰው ነፃነቴን ብቻ ከሆነ ፍራንቼስካ ልክ ነች። ያለፈ ነፃነት ሲታወስ የተወሰደ ንብረት ሆኖ ይታወሳል፤ ንብረት ከተወሰደ ደግሞ የወሰደው ይፈለጋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ቤቱ ውስጥ ያለው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጥርስ እያበቀለ ነው። በዚህ መንገድ የታሰበ ጉዞ ድካምን አያቀልልም፤ ከድካሙ ላይ ቂም ይጨምራል። ወላጆች ስለ ድሮ ኑሯቸው ሲያወሩ አንዳንዴ ድምፃቸው ውስጥ ምሬት የሚሰማው ለዚህ ይመስለኛል። ጉዞውን እያስታወሱ አይደለም፤ ሂሳብ እያወራረዱ ነው።

የሚያጽናኑት ትዝታዎች ግን ሂሳብ ውስጥ አይገቡም። ሎሚው የእኔ ንብረት አልነበረም። የደብረ ማርቆሱ አልጋም የሌላ ሰው ልጅ ከራሷ ቦታ ሸርተት ብላ የለቀቀችልኝ ነው። በእነዚህ ትዝታዎች ሁሉ ውስጥ እኔ ተቀባይ ነኝ፤ ሌላው ሰጪ ነው። ወላጅነት ይህንን ቦታ ነው የሚያሳጣው። ወላጅ ቀን ከሌሊት አስተናጋጅ ነው፤ ያበላል፣ ያጥባል፣ ያነጥፋል፣ ያስተኛል። ቤቱ ውስጥ ያለው ጥያቄ ሁሉ «በላ ወይ? ተኛ ወይ? አተኮሰው ወይ?» ነው። «አንቺስ በላሽ?» የሚል ከጠፋ ቆይቷል። ስለዚህ የደከመ አእምሮ ወደ መንገድ ሲመለስ ማምለጫ እየፈለገ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ሌላ ሰው «ተቀመጪ፣ እኔ ላቅርብልሽ» ያለውን እየፈለገ ነው። የጎደለኝ ጎዳናው ሳይሆን በሩን የከፈተልኝ ሰው ነው።

ይህን ልዩነት አገራችን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። የቆሎ ተማሪው ገና በልጅነቱ ከእናቱ ቤት ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለቅኔ ዋሸራ፣ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር ይሄድ ነበር። የሚበላው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ያገኘውን ነው። ውሻው ያባርረዋል፤ የቤቱ እናት ቁራሽ ይዛ ትወጣለታለች። ያ የትምህርት ሥርዓት ለዘመናት የቆመው መምህርና መጽሐፍ ስለነበሩት ብቻ አልነበረም። ከደጃቸው የቆመውን የማያውቁትን ልጅ የሚያበሉ፣ ራሳቸውም ልጃቸውን ወደማያውቁት ደጅ የላኩ እናቶች ስለነበሩ ጭምር ነው። የጎጃሟ እናት የጎንደሩን ልጅ ስታበላ ብድሯን ከእሱ አትጠብቅም። የእሷን ልጅ በሌላ አገር ሌላ እናት እንደምታበላላት ታምናለች። እንዲህ ያለ ብድር ወደ አበዳሪው አይመለስም፤ ወደ ፊት ይሄዳል።

በፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታም፣ የደራሲው ማንነት ዛሬም ቢያከራክርም፣ ይህንኑ ሂደት ይተርካል። አንባቢ ሁሉ የሚያስታውሰው ዋሻውን ነው፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ብቻውን ተቀምጦ ያሰበበትን። ከዋሻው በኋላ ያለው ግን ያን ያህል አይወራም። ከዋሻው የወጣው ስደተኛ እንፍራንዝ ላይ ሀብቱ የተባለ ባለጸጋ ቤት ይገባል፤ ያስጠለለውን ሰው ልጆች ያስተምራል፤ ሒሩትን አግብቶ ልጅ ይወልዳል፤ ጋብቻን ከምንኩስና በታች ያደረጉትንም ይሞግታል። ሁለተኛውን ሐተታ የጻፈው ወልደ ሕይወት የዚሁ የሀብቱ ልጅ ነው። ተቀብሎ ያደረ ሰው የተቀበለውን የመለሰው ለልጅ በማስተማር ነው። ብቸኝነቱ የሰጠውን ሐሳብ ወደ ሌላ ትውልድ ያሻገረለት እንግድነቱ ነው።

አሁን ትከሻዬ ላይ ያለውን ሰው ልመልከት። ቋንቋችንን አያውቅም። ቀንና ሌሊት አይለይም። የቤቱን ሥርዓት የነገረው የለም። ከየት እንደመጣ ብንጠይቀው አይመልስም። ደክሞታል፤ እንዴት እንደሚታረፍ ግን ገና አልተማረም። ከዚህ የበለጠ የመሸበት መንገደኛ ከየት ይመጣል?

ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ከተወለደበት ከኮኒግስበርግ ብዙም ርቆ አልሄደም፤ ልጅም አልወለደም። ስለ መንገደኛም ስለ ልጅም ግን ጽፏል። በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት፣ ባዕድ ምድር የደረሰ ሰው እንደ ጠላት ያለመቆጠር መብት እንዳለው፣ ቤት ገብቶ የመስተናገድ መብት ግን እንደሌለው ለየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1797፣ ስለ ወላጆች ሲጽፍ የተናገረው የተለየ ነው። ወላጆች አንድን ሰው ፈቃዱን ሳይጠይቁ በራሳቸው ውሳኔ ወደ ዓለም አምጥተውታልና፣ ባለበት ሁኔታ እንዲደሰት አቅማቸው የፈቀደውን ሁሉ የማድረግ ግዴታ አለባቸው ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነባቸው አንድ ነገር ይገለጥልኛል። መንገደኛው በራሱ እግር መጥቷልና የሚገባው በሩ እንዳይዘጋበት ነው። ልጁ ግን እኛ ጠርተነው የመጣ ነው። ጠርቶ የተቀበለ ሰው እንግዳው ሌሊት ተነሳ ብሎ ሊቆጣ አይችልም፤ ጥሪው ሰዓት አልነበረውም።

የገዛ ልጅን እንግዳ ማለት ለአንዳንዱ ጆሮ ይቀዘቅዛል። የአብራክ ክፋይ እንዴት እንግዳ ይባላል? ነገር ግን በቤታችን የምናየውን እንመን። «የእኔ» በምንለው ሰው ላይ እንጮኻለን፤ በእንግዳ ላይ አንጮኽም። ለእንግዳ የተሻለውን ጋቢ እናወጣለን፣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፣ የሰበረውን ብርጭቆ «እንኳን ተሰበረ» እንላለን። የመቀራረብ ትርፉ ብዙ ቢሆንም፣ ቸልተኝነትን አብሮ ያመጣል። ልጄን ለጥቂት ደቂቃ እንግዳዬ አድርጌ ሳየው ፍቅሬ አይቀንስም፤ የሚጨምረው ለእሱ ያለኝ ክብር ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ደግሞ ፍቅር ባይጠፋም ክብር ሊጠፋ ይችላል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ትዝታ ያሳምራል የሚል። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ጥናት፣ አውሮፓን ሊጎበኙ የሄዱ፣ የበዓል ዕረፍት የወጡና ለሦስት ሳምንት ካሊፎርኒያን በብስክሌት የዞሩ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። ሰዎቹ ጉዟቸውን ከመሄዳቸው በፊትም ሆነ ከተመለሱ በኋላ ያዩት በጉዞው መካከል ሆነው ካዩት በተሻለ ዓይን ነው። መንገድ ላይ ያበሳጫቸው ነገር ቶሎ ይረሳል። እውነት ነው፤ በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አቧራ፣ የነዳጅ ሽታ፣ የሚያስመልሰው ተሳፋሪ፣ ማታ ደግሞ ቁንጫ ነበር። ከዚህ ግኝት ተነስተው «አይዞሽ፣ አንድ ቀን ይህም ሌሊት ይናፍቅሻል» የሚሉ አሉ። ምክሩን የሚሰጡት ሰዎች ሌሊቱን አልፈውታል፤ እኔ ግን ውስጡ ነኝ። ነገ የሚጣፍጥልኝ ትዝታ ለዛሬ እንቅልፌ ምትክ አይሆንም።

እኔ የምደገፍበት ትዝታ መሳመር አያስፈልገውም። መንገዱ ውብ ነበር አልልም፤ የተከፈተ በር ነበር እላለሁ። እንዲያውም መንገዱ በከፋ ቁጥር የበሩ መከፈት ይበልጥ እውነት ይሆናል። አውቶቡሱ ምቹ ቢሆን ኖሮ ሎሚው አያስፈልገኝም ነበር።

የኤፒኩረስ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው እስከ ደስታው ድረስ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ልመና ይዘለላል። ልጅ ያልነበረው፣ ሞቱን የሚጠብቀው ያ ሰው ኢዶሜኔዎስን የለመነው፣ ከእሱ ቀድሞ የሞተውን የወዳጁን የሜትሮዶሮስን ልጆች እንዲንከባከብለት ነው። ትዝታው በትራሱ ላይ አላስቀረውም፤ ወደ ሌላ ሰው ልጆች መራው። ከፍራንቼስካ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። እሷ የምታስታውሰው ያጣችውን ነው፤ እሱ የሚያስታውሰው የተቀበለውን ነው። ያጣ ሰው ትዝታውን ይዞ ይቆማል፤ የተቀበለ ሰው ደግሞ የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል።

ከስጦታው ጋር አንድ ከባድ ነገር አብሮ ይመጣል። የብዙ ሰው የመጀመሪያ ትዝታ ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆን የተያዘ ነው። ከዚያ በፊት ያለው በአብዛኛው ይጠፋል። ልጄ ይህን ሌሊት አያስታውሰውም፤ የታቀፍኩትንም፣ ያንጎራጎርኩትንም፣ በአንድ እጄ ያሞቅኩትን ወተትም። በሕይወቱ እጅግ የተደከመለት ዘመን ለእሱ ባዶ ገጽ ይሆናል። ይህ መጀመሪያ ያስደነግጠኝ ነበር። ሎሚ የሰጡኝ እናት ግን ስሜን አላወቁም፤ እኔም ስማቸውን አላውቅም። ደጀን ላይ ወርደው ሄዱ። እንዳስታውሳቸው ብለው አልሰጡኝም፤ ሲያጥወለውለኝ ስላዩ ሰጡኝ። ለሚረሳ ሰው መስጠት ከንቱ ድካም ቢሆን ኖሮ መንገደኛ ሁሉ በየበረሃው በቀረ ነበር።

ይህን ካልኩ በኋላ ትዝታን ከልኩ በላይ ማመስገን አልፈልግም። ትዝታ ያስተናግዳል፤ ልጁን ግን ከእጄ አይቀበለኝም። አራስ ቤት ሳለሁ ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ የጎረቤቱ ወሬ ነበር፤ ያን ጊዜ እንግዳዋ እኔ ነበርኩ። ወጉ አራሷ በወለደችበት ሰሞን እንድትስተናገድ ያዛል፤ ድካሙ ግን ዓመታት ይቀጥላል። ድሮ ከአራስነት በኋላ የነበረውን ዘመን አያትና አክስት፣ ጎረቤትና የጎረቤት ልጅ ይሸፍኑት ነበር። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ግን በሯን ዘግታ ብቻዋን ናት። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እናት አያቲቱ ቪዛ እስክታገኝ ትጠብቃለች። ዱባይ ሆና የሰው ልጅ የምታሳድገው እህታችን ደግሞ የራሷን ልጅ የምታየው በስልክ ነው። ሌሊት የሚያጽናናኝ ከዓመታት በፊት ደብረ ማርቆስ ላይ የተቀበሉኝ ሴት ብቻ ከሆኑ፣ ያ ለእሳቸው ምስጋና፣ ለዛሬው ጉርብትናችን ደግሞ ወቀሳ ነው።

ስለዚህ ይህን ትዝታ ለራሴ ብቻ ይዤው ከተቀመጥኩ ግማሹ ሥራው ይቀራል። ልጄ ትንሽ ከፍ ሲል ከእኔ ፎቅ በታች ሌላ ልጅ ሲያለቅስ እሰማለሁ። ያኔ «ልጁ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ ማለፍ መስተንግዶ አይደለም። «አምጪው፣ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ» ማለት ነው መስተንግዶ። መንገድ ላይ አንድ ጊዜ የተቀበሉት ሰው የማንን በር ማንኳኳት እንዳለበት ያውቃል። የሚያንኳኳውም ቡና ሊጠጣ ሳይሆን ሕፃኑን ሊቀበል ነው።